ለእንቁላል የሚሆን ባሌስትራ

ሰኞ ጠዋት ባለ ኬክ ቤቷ የታችኛውን ትሪ ስታነሣው እርጥብ ነበር። የእንቁላል ስብራት ድምፅ የለውም፤ ቢኖረውም የመኪናው መንቋቋት ይውጠዋል። የሚታወቀው በእጅ ነው፦ ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው የወረቀት ትሪ ይለሰልሳል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ የላዩን አነሣለሁ ሲሉ የታቹም አብሮ ይመጣል። ባለ ኬክ ቤቷ ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ እንቁላሉን ያመጣችላትን ጎረቤቴን አየቻት።

«ይሄ ስንተኛው ነው?»

«ሦስተኛው።»

«እኔ ደግሞ አራተኛው ነው ብዬ ነበር። ስሚኝ እህቴ፣ ጠልቼሽ አይደለም። ቅዳሜ የምጋግረው የሦስት ሠርግ ኬክ አለብኝ። ሃምሳ ትሪ እፈልጋለሁ፤ ደረቅ ሃምሳ ትሪ። ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ግን ያ ባለ ትልቅ መኪናው እንቁላል አከፋፋይ ሰውዬ በየሳምንቱ በሬን እያንኳኳ ነው፤ እከፍትለታለሁ።»

ይህን የነገረችኝ በዚያው ዕለት፣ በሁለታችን ግቢ መካከል ባለችው አጭር አጥር ላይ ተደግፋ ነው። አላማረረችም። ስታወራ የአጥሩን እንጨት በመዳፏ ቀስ እያደረገች ትዳብስ ነበር፤ የሚሰበር ነገር አጠገቧ ያለ ይመስል። ከምታከፋፍለው እንቁላል ከግማሽ በላዩን የሚወስደው ያ ኬክ ቤት ነው። እሱ ከቀረ የቀሩት ሁለት ሱቆች መኪናዋን ለማስነሣት ምክንያት አይሆኑም።

ጎረቤቴ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ስምንቱን ያሳለፈችው በአንድ መጋዘን ውስጥ፣ ብርጭቆ በገለባ እያሸገች ነው። ያ ሥራ እጇ ላይ ቀርቷል። ቤቷ ሄጄ ሻይ ስትሰጠኝ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ መቼ እንዳረፈ አላውቅም፤ ዞር ብዬ ሳይ አለ። በር ስትዘጋ አይሰማም። ሰው ሁሉ ወደ ፕላስቲክ ሲዞር መጋዘኑ ተዘጋና እሷ እንቁላል ማከፋፈል ጀመረች። የመብራት ቆጣሪ እያነበበ የሚተዳደረው ባሏ፣ «ሚስቴ ድንጋይ ብትሸጥ እንኳ በጥጥ ጠቅልላ ነው» ይላል።

መኪናዋን የገዛችው ከኔ ነው፤ ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ የዛሬ ስምንት ዓመት። ነጭ ናት፣ ኋላዋ ረዘም ያለ፣ ያኔም አሮጊት ነበረች። ጎረቤቴ በሁለተኛ ማርሽ ትነሣና በሁለተኛ ማርሽ ትደርሳለች። የሰፈሩ ባለ ታክሲዎች «አምቡላንስ» ብለው ሰይመዋታል። ከአምቡላንስ ጋር የሚያገናኛት የመኪናዋ ንጣት ብቻ ነው፤ ቀልዱም እዚያ ላይ ነው። ከኋላዋ ጥሩንባ እየነፉ ሲያልፏት እጇን አውጥታ ሰላም ትላቸዋለች። እኔም ከመስኮቴ ስትወጣና ስትገባ እያየሁ፣ ለረጅም ጊዜ ይህ የተፈጥሮ ጠባይዋ ነው ብዬ አምን ነበር። ሰውን በጎረቤትነት ስናውቀው ልማዱን ከባሕርዩ የምንለይበት ዘዴ የለንም።

ችግሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት አስፋልቱ ተቆፍሮ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ነው። ባለ ኬክ ቤቷ ባስጠነቀቀቻት ሰኞ ከሰዓት የሰፈራችን መካኒክ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ በጀርባው ተንፏቆ ወጣ።

«እትዬ፣ ኋላዋ አልቋል» አላት። «ባሌስትራው አንዱ ብረት ተሰንጥቋል። ሾኩ ደግሞ ዘይቱን ተፍቶ ጨርሷል።»

እኔም እሷም ትክ ብለን ስናየው እጆቹን አንዱን በሌላው ላይ አነባብሮ አስረዳን። ባሌስትራ ማለት ሰፋ ሰፋ ያሉ ጎባጣ ብረቶች፣ ረጅሙ ከላይ አጭሩ ከታች ሆነው ተደራርበው የታሰሩበት ነው፤ የመኪናው ጀርባ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሾክ ደግሞ ባሌስትራው አንዴ ከዘለለ በኋላ ዝም የሚያሰኘው ነው።

«አዲስ አይገኝም?»

«ለዚች? የሠራት ፋብሪካ ራሱ ረስቷታል። ያገለገለ ዕቃ ተራ ሂጂና ጆሮ የሚባለውን ሰውዬ ጠይቂ።»

ማክሰኞ መካኒኩ የፈታውን አሮጌ ባሌስትራ በታክሲ ጭነን አብሬያት ሄድኩ። መኪናውን ሃያ ዓመት ግድም ስለነዳሁት እጠቅማለሁ ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ቤት መቀመጥ ሰልችቶኝ። ያገለገለ ዕቃ ተራ ረጅም የቆርቆሮ ሱቆች ሰልፍ ነው። አንዱ በር ብቻ ይሸጣል፣ አንዱ መብራት ብቻ፣ አንዱ መሪ ብቻ። የግራሶና የዝገት ሽታ አለው። እዚያ ስቆም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣብኛል፦ እያንዳንዱ ብረት አንድን ሰው የሆነ ቦታ አድርሶ የመጣ ነው፤ ማን እንደነበረና ለምን እንደሄደ ግን ማንም አይጠይቅም።

ጆሮ የተባለው ሰው ሆዱ ገፋ ያለ፣ በእሷ ዕድሜ አካባቢ የሚሆን፣ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ስሙ የወጣለት ከአሠራሩ ነው። ባሌስትራውን በሽቦ ያንጠለጥለዋል፣ በትንሽ መዶሻ ይመታዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ደህናው ብረት ድምፁ ይረዝማል፤ የተሰነጠቀው ዓይን በማያየው ስንጥቅ እንኳ ቢሆን ጣውላ እንደመቱ ያህል ዱብ ብሎ ይቀራል። ሁለት አዳምጦ ጣለ። ሾኩንም መሬት ላይ አቁሞ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቀው። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ቶሎ ከተመለሰ ሞቷል ማለት ነው» አለን። «ይሄ በሕይወት አለ። አሁን ወደ ባሌስትራው። ምን ያህል ትጭኛለሽ፣ እህቴ?»

«እስከ ጣሪያው» አለች።

«እስከ ጣሪያው?»

«አዎ። ምንም ክፍተት አልተውም፣ እንዳይንቀሳቀስ።»

ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ገባና በሁለት እጁ አቅፎ አንድ ባሌስትራ አወጣ፤ ሰባት ብረት፣ አንዱ ከአንዱ የወፈረ፣ የመኪናዋን ስም ከያዘችው የጭነት መኪና የወጣ። መታው። እንደ ትምህርት ቤት ደወል ጮኸ። ከጎን ካሉት ሱቆች ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አወጡ።

«ይሄ ሲሚንቶ ይጫንበታል» አለ ጆሮ። «የዚህ ዓይነቱ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ልጅሽ ይወርሰዋል።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን መውቀስ አለብኝ። ጎረቤቴ እንቁላል ስትገዛ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አንሥታ ታያለች፣ ዶሮዋ ምን እንደበላች ሳይቀር ትጠይቃለች። ብረት ፊት ስትቆም ግን አፏ ተያዘ፤ የማታውቀው ነገር ነውና ከሚያውቀው ሰው ተቀበለች። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎች «መጀመሪያ ጥያቄውን መርምሩ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ጆሮ ምን ያህል እንደምትጭን ጠየቀ፤ ምን እንደምትጭን ሳይጠይቅ ቀረ። አጠገቡ ቆሜ እያለሁ ጎደሎው አልታየኝም። ሁላችንም የብረቱ ወፈር አስክሮን ነበር። አሮጌውን ባሌስትራ እዚያው ትተን፣ እንደዚያ ቦታ ልማድ፣ አዲሱን አሮጌ ይዘን ተመለስን።

መካኒኩ አመሻሹ ላይ አስገባው። የመኪናዋ ኋላ ተነሥቶ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት አዘቅዝቆ፣ ለመንቆር ያጎነበሰች ዶሮ መሰለች። መካኒኩ ኮራ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞራት። «አሁን ገደል ብትገቢም አትነካም» አላት።

ረቡዕ ለሁለቱ ሱቆች ያዘጋጀችውን ሃያ ትሪ ጫነች። ኮረኮንቹን እንደ ወትሮው በእግረኛ ፍጥነት አለፈችው። ስትመለስ ከመስኮቴ አየኋት፤ ሞተሩን አጥፍታ ከመሪው ጀርባ ቁጭ ብላ ቀረች። ወረድኩ። ከሃያው ስድስቱ ረጥበው ነበር። ከበፊቱ ባሰ።

«ጋሼ፣ እኔ እንጃ» አለችኝ። «ምናልባት መኪናው አይደለም። ምናልባት እኔ ነኝ። መንዳት አልችልም መሰለኝ።»

ባሏ መጥቶ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተደገፈ። ከዚያ፣ «ዛሬም ነገም እንቁላል ነው የምንበላው ማለት ነው?» አላት። ሳትፈልግ ሳቀች፤ የሳቋ መጨረሻ ግን ደስ አይልም ነበር። ባለ ትልቅ መኪናውን ሰውዬ አሰብኩ። ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ደህና ትሪ ይዛ ከቤት ወጣች። «ልመልስለት ነው ብረቱን» አለች። «ግን ሳልመልስለት በፊት አንድ ነገር ማየት አለበት።» ትሪውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው፤ ባሌስትራው ላይ የሚጣል እምነት አልነበራትም። ባሏ በሩ ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እስኪመለሱ ይፈለፍሉ ይሆናል» አለኝ። ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ መንገዱን ሁሉ እንቁላል ታቅፌ ሄድኩ።

ጆሮ ገና ሲያየን ፊቱ ጠቆረ። «ብረቴ ተሰበረ እንዳትይኝ።»

«ያንተስ አልተሰበረም። የተሰበረው የኔ ነው።» ትሪውን ከኔ ተቀብላ በግራሶ በጠቆረው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እንደ ልማዷ ድምፅ አልነበረውም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጭነቴ።»

ትሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ትሪውን አየ። «እስከ ጣሪያው ያልሽኝ… ይሄን ነው?»

«እስከ ጣሪያው።»

ከጎን ያለው ሻጭ ሰምቶ ኖሮ በሳቅ ፍርስ አለ። «ጆሮ ለዶሮ የሲሚንቶ ባሌስትራ ሸጠላት» እያለ ለሌላው አስተላለፈ፤ ሌላውም ለሌላው። ወሬው እየተቀባበለ እስከ ተራው መጨረሻ ሲሄድ እንሰማው ነበር። ጆሮ አልሳቀም። ብረት የሚመዝንበትን ሚዛን ስቦ ትሪውን ሰቀለው። ሁለት ኪሎ አይሞላም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በሃምሳ አበዛው፤ አቀርቅሮም ሆዱን ተመለከተ።

«ሃምሳው አንድ ላይ እኔን አያህልም» አለ። «አንድ ሰው ኋላ የተቀመጠ ያህል ነው። ያ ብረት እኮ ይህ ጭነት አይሰማውም፤ ባዶ እንደሆንሽ ነው የሚቆጥረው። አይታጠፍም። ጉድጓዱን እንዳለ ነው ወደ ላይ የሚያቀብልሽ።» ጎማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ምን እንደምትጭኚ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እዚህ ሠላሳ ዓመት ስቀመጥ ደካማ ብረት ስጠኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም።»

«ደካማ አይደለም የምፈልገው» አለች ጎረቤቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ የባለሙያ ቃና ሰማሁ። «መጋዘን እያለሁ አዲስ አለቃ መጣልን። ገለባውን ጠቅጥቃችሁ አሽጉ፣ ብርጭቆው ነቅነቅ አይበል አለን። ሳጥኑ ሲከፈት ግማሹ ስብርባሪ። ላላ አድርገን ስናሽግ ግን ይደርሳል። ገለባው መተንፈስ አለበት። ያንተም ብረት ገለባ ማለት ነው። የሚተነፍስ ስጠኝ።»

ጆሮ መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ «ቆይ፣ የራስሽ ስንት ብረት ነበረው?» አለና ማክሰኞ የተውነውን አሮጌ ባሌስትራ ጎትቶ አመጣ። ማሰሪያውን ፈትቶ ብረቶቹን ለያያቸው። አምስት ናቸው። አንድ በአንድ መታቸው፤ ሁለተኛው፣ የተሰነጠቀው፣ ዱብ ብሎ ቀረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ መታው፤ ድምፁ ከወንድሞቹ አይገጥምም ነበር። በጣቱ ወፈሩን ለካ።

«ይሄ የዚች መኪና ልጅ አይደለም» አለ። «የእንጀራ ልጅ ነው። ከሌላ መኪና ወጥቶ የተጨመረ። ማነው ያስጨመረው?»

«እኔ አላስጨመርኩም» አለች። «ስገዛት እንዳለች ናት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ሰው የረሳውን ነገር በሌላ ሰው እጅ ላይ ሲያየው ምን እንደሚሰማው በቃል ለማስቀመጥ ብዙ ሞክሬያለሁ። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ወደ ጠባብ ቢሮ ስዛወር መጻሕፍቴን በዚህች መኪና ነው ወደ ቤት ያጋዝኩት። ኋላዋ መሬት ሊነካ ሲደርስ የዚያን ጊዜው መካኒክ «አንድ ብረት እንጨምርላት» አለኝ፤ እሺ አልኩ። መጻሕፍቱ በሁለት ቀን ተጓጉዘው አለቁ። ብረቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ስሸጥላት አልነገርኳትም፤ ደብቄ አልነበረም፤ ከአእምሮዬ ጨርሶ ጠፍቶ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መጻሕፍት ጭኜባት ነበር።»

ጆሮ ብረቱን አገላበጠው። «ብዙ መጻሕፍት?»

«ብዙ።»

«ስለዚህ አባቴ፣ ይቺ ሴትዮ ስምንት ዓመት ሙሉ እንቁላል ስታመላልስ የኖረችው በእርስዎ መጻሕፍት ባሌስትራ ነው።»

ወደ ጎረቤቴ ለመዞር ፈራሁ። ሁለተኛው ማርሽ፣ የባለ ታክሲዎቹ ጥሩንባ፣ ከመስኮቴ ሆኜ ጠባይዋ ነው ያልኩት ዝግታ፣ ያ ሁሉ እኔ ረስቼ የተውኩትን አንድ ጠንካራ ብረት በእግሯና በትዕግሥቷ ስታለዝብ የኖረችበት ነበር። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ብረቱን ከሰውዬው እጅ ተቀብላ በሁለት እጇ መዘነችው፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ እኮ መንዳት አልችልም ብዬ ነበር የማስበው።»

ጆሮ ወደ ሱቁ ጓሮ ገባ። ብረት ሲገለበጥ፣ እሱም ሲያጉረመርም ሰማን። ብዙ ቆይቶ አቧራ የጠጣ ባሌስትራ ይዞ ወጣ፤ አራት ብረት፣ ስስ፣ አንዱ እንኳ ያልተነካካ።

«ይሄን ለሰው አላሳይም፤ ስሜ ይጠፋል» አለ። «ያንቺው ዓይነት መኪና ላይ ነበረ፣ ለቤተሰብ በተሠራው ግን። ባለቤቱ የጥርስ ሐኪም ነበር። ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት። ኋላው ሰው እንኳ አልተቀመጠበትም።» አንጠለጠለውና መታው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ረዘመ፤ ከጎን ያሉት ሰዎች ሳቃቸውን አቁመው እስኪያልቅ ጠበቁት። በሲሚንቶው ፋንታ ውሰጂው አላት፣ ሾኩም ይቆይልሽ፣ ስህተቱ የራሴ ነው። እሷ ትሪውን እዚያው ተወችለት። እምቢ ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

ዓርብ መካኒኩ ብሎን እየፈታ ተነጫነጨ። «እትዬ፣ ኋላዋ ይወርዳል። ሰው ሲያያት ማነው የሠራት ይላል። እኔ ነኝ እላለሁ?»

«አትበል» አለችው። «ዝም በል።»

ሲጨርስ ከቤት አንድ ብርጭቆ አመጣች፤ ውኃ እስከ ከንፈሩ ሞላችና ከኋላ ወለሉ ላይ አቆመችው። መጋዘን ውስጥ አዲስ ጋሪ ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚፈትኑት። መካኒኩን ከኋላ አስገባችው፤ አንገቱን ከጣሪያው በታች አጥፎ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ እንዲጠብቅ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ኮረኮንቹ ላይ ወጣን። የመኪናዋን አካሄድ ያወቅሁት በዚያ ቀን ይመስለኛል፤ ጉድጓድ ስትገባ ዘንበል ብላ ትወርዳለች፣ ትቆይና ትነሣለች፣ ከዚያ ዝም። ጀርባዬ ለዓመታት ያጣውን ዕረፍት አገኘ።

«ስንት ፈሰሰ?» አለች ከመስተዋቱ ውስጥ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን አየ። ከዚያ፣ «አንድ ጉንጭ» አለ። «አንድ ጉንጭም አይሞላም።» የቀረውን ጠጣው።

ያም ሆኖ ያን ቀን ማንኛችንም እፎይ አላልንም። ውኃ እንቁላል አይደለም፤ እሷም ይህን ደጋግማ ተናገረች። ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጀምራ ሃምሳውን ትሪ ጫነች። አምስት አምስቱን አንድ ላይ፣ በመካከላቸው የታጠፈ ካርቶን፣ እስከ ጣሪያው። ሳልጠየቅ ገብቼ ከፊት ተቀመጥኩ። የኔ ብረት ያበላሸውን ስምንት ዓመት ለመካስ ሳይሆን፣ በመስኮት ማየት የማያስተምር ነገር እንደሆነ ስለገባኝ ነው።

ባለ ኬክ ቤቷ በጓሮ በር ጠበቀችን፤ ዱቄት እስከ ክርኗ ደርሷል። ትሪውን አንድ በአንድ ተቀብላ አወረደች፣ ከታች ያሉት ላይ ስትደርስ ዝግ አለች። ጎረቤቴ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆማለች፤ ጣቶቿ እርስ በርስ ሲፋተጉ አየኋቸው። የመጨረሻው ትሪ ተነሣ። ባለ ኬክ ቤቷ መዳፏን ሥሩ ላይ አድርጋ ከጥግ እስከ ጥግ ጎተተችው፤ ከዚያ መዳፏን ገልብጣ አሳየችን። ዱቄት ብቻ ነበረበት።

«ደረቅ» አለች።

ጎረቤቴ ትንፋሿን ስታወጣ የሰማሁት ከሁለት እርምጃ ርቀት ነው። ከዚያ በስምንት ዓመት አድርጋ የማታውቀውን አደረገች፤ ኬክ ቤቱ ጓሮ ያለችውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስባ፣ ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ሠላሳ ትሪ» አለቻት ባለ ኬክ ቤቷ፣ ወደ ውስጥ እየገባች። «ለዚያ ሰውዬ በሩ ጠቦሃል እለዋለሁ።» ለሙከራ ያነሣችው አንድ እንቁላል እጇ ላይ ስለነበር በበሩ መቃን ነካችውና ሰነጠቀችው። ከሺህ አምስት መቶው የተሰበረው እሱ ብቻ ነው። «ይሄ የኔ ነው» አለች፣ ሳይከራከሯት።

ስንመለስ መኪናዋ ባዶ ነበረች። ጎረቤቴ አስፋልቱ ወዳልተቆፈረበት ሰፊው መንገድ ስትወጣ እጇን ማርሹ ላይ አደረገች፤ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ሦስተኛ አስገባች። ከሸጥኩላት ጀምሮ የዚያችን መኪና ሦስተኛ ማርሽ አልሰማሁም ነበር። ከኋላችን ጥሩንባ ሊነፋ የተዘጋጀ አንድ ባለ ታክሲ እጁን ከጥሩንባው ሲያነሣ በመስተዋቱ አየሁት። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከጎናችን ተስተካከለ።

«አምቡላንስ» አላት፣ «ምነው፣ የታመመ አለ እንዴ?»

«ዳነ» አለችው።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ እነዚያ መጻሕፍት የት ደረሱ?» አለችኝ።

«ቤት ናቸው።»

«ሁሉንም አነበቧቸው?»

ልዋሽ አሰብኩ። «ግማሹን» አልኩ።

ሳቀች፤ የረቡዕ ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ወደ ሰፈራችን ኮረኮንች ስንመለስ ጉድጓድ መጣ፣ መኪናዋ ዘንበል ብላ ወረደች፣ ቆየችና ተነሣች፣ ከዚያ ዝም አለች።